ተኩላ፣ ቀበሮ ወይስ ውሻ?

አማርኛ ለውሻ ዘመዶች የሰጣቸው ስሞች ጥቂት ናቸው። ውሻ፣ ቀበሮ፣ ተኩላ እንላለን፤ ከዚያ በላይ ብዙም አንሄድም። አንዳንድ ሰው ጅብንም ከእነዚህ ጋር ይቆጥረዋል። ጅብ ግን በዝምድናው ከውሻ ይልቅ ለድመት ይቀርባል። እዚህ ኦሃዮ ውስጥ ደግሞ ከሦስቱ ስሞች አንዱም በትክክል የማይገጥመው እንስሳ አለ። እንግሊዝኛው ካዮቲ ይለዋል። ቃሉ የመጣው ናዋትል ከሚባለው የሜክሲኮ ጥንታዊ ቋንቋ ነው። በእኛ ቤት አንዱ ተኩላ፣ ሌላው ቀበሮ፣ ሦስተኛው የዱር ውሻ ይለዋል። ባለፈው የካቲት ይህ የስም ጉዳይ በዘመዶቼ ቤት ጠብ ሊያስነሳ ምንም አልቀረውም ነበር።

አጎቴ ኮሎምበስ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የጭነት መኪና ነድተዋል። ከአምስት ዓመት በፊት ከከተማው በስተምሥራቅ፣ በመኪና ሃምሳ ደቂቃ ያህል በሚያስኬድ ገጠር ትንሽ መሬት ገዙ። አሥራ ስድስት በጎችና አራት ፍየሎች አሏቸው። ለፋሲካ በግ የሚፈልግ ሐበሻ ሁሉ ስልካቸውን ያውቃል። እኔ ሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ከአዲስ አበባ መጥቼ እዚሁ ቀረሁ። ቅዳሜ ሲደርስ ከኮምፒውተር ለመሸሽ ወደ እሳቸው እሄዳለሁ።

በየካቲት መጨረሻ አንድ ማለዳ ስልክ ደወሉልኝ። «ተኩላ ገባብኝ» አሉ። የሦስት ሳምንት ግልገል አጥሩ ሥር ሞታ ተገኝታለች። ግልገል ማለት የበግ ወይም የፍየል ልጅ ነው። እናቲቱም የኋላ እግሯ ቆስሏል። አንድ ጎረቤታቸው መጥቶ አየና «ይህ ተራ ካዮቲ አይደለም፤ የተኩላና የካዮቲ ዲቃላ ነው» አላቸው። ጠመንጃውንም ላውስዎት አለ። አጎቴ ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ መንዝ ውስጥ በግ የጠበቁ ሰው ናቸው። በጋቸው ሞታ ዝም ብለው አይቀመጡም።

ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው በሁለት ጎራ ተከፈሉ። ታላቂቱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ የእንስሳት ሐኪም መሆን ትፈልጋለች። «አባዬ፣ ተኩላ ከሆነ መግደል በሕግ ያስጠይቃል» አለች። ታናሿ ግን ግልገሏን በጡጦ ያጠባቻት እሷ ነበረች። «እሷንስ ማን ይጠይቅላት?» ብላ አለቀሰች።

ነገሩን ላስብበት ስጀምር ጥያቄው የቃል ጨዋታ እንዳልሆነ ገባኝ። ገዳዩ ተኩላ ከሆነ ታላቂቱ እውነቷን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 የፍርድ ቤት ውሳኔ የፌዴራል ሕግ ጥበቃውን መልሶለታል። ካዮቲ ከሆነ ኦሃዮ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ማደን ይፈቀዳል። ውሻ ከሆነ ደግሞ ባለቤት አለው፤ የውሻ ባለቤት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጎረቤት ነው። እንግዲህ ጠመንጃ ከመነሳቱ በፊት ስሙ መታወቅ ነበረበት።

ኦሃዮ ውስጥ ተኩላ አለ?

በዱር የሚኖር የተኩላ መንጋ ኦሃዮ ውስጥ የለም። ድሮ ነበረ። ሰፋሪዎች ደኑን መንጥረው ከብት ሲያረቡ ተኩላውን አሳደዱት፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ከዚህ ጠፋ። ዛሬ ለእኛ ቅርብ የሚባሉት የተኩላ መንጋዎች በሚሺጋን ሰሜናዊ ልሳነ ምድር ይገኛሉ። ያም በመኪና የረጅም ቀን መንገድ ነው።

ተኩላ ሲጠፋ ቦታው ክፍት ሆነ። ካዮቲ የምዕራቡ ሜዳ እንስሳ ነበር። ደኑ ሲመነጠርና የሚያስፈራው ተኩላ ሲጠፋ ቀስ በቀስ ወደ ምሥራቅ መጣ። ኦሃዮ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። ዛሬ በ88ቱም ካውንቲዎች ይገኛል። ገጠር ብቻ አይምሰላችሁ፤ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥም በወንዝ ዳርና በባቡር ሐዲድ አጠገብ ይኖራል።

ካዮቲንና ተኩላን ለመለየት መጀመሪያ የሚታየው መጠን ነው። የኦሃዮ ካዮቲ ከ9 እስከ 23 ኪሎ ይመዝናል። የሚሺጋን ተኩላ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ27 እስከ 45 ኪሎ ነው። ይሁንና በክረምት የካዮቲ ፀጉር ስለሚወፍር ከርቀት ትልቅ መስሎ ይታያል፤ ስለዚህ መጠን ብቻውን አይበቃም። ፊቱን ተመልከቱ። የካዮቲ ጆሮ ረጅምና ሹል ነው፤ አፉና አፍንጫው ቀጭን ነው። የተኩላ ጆሮ ከጭንቅላቱ አንጻር አጭርና ክብ ያለ ነው፤ አፉም ሰፊና ከባድ ነው። ካዮቲ ሲሮጥ ጅራቱን ወደ ታች ያደርጋል። ውሻ ግን ብዙ ጊዜ ቀና ያደርገዋል።

ዱካም ይናገራል። ዱካ እንስሳ የረገጠበት ምልክት ነው። የካዮቲ ዱካ ርዝመቱ ስድስት ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የተኩላው ደግሞ አሥራ አንድ አካባቢ ነው። የካዮቲው እንደ እንቁላል ሞላላ ሲሆን የውሻ ዱካ ክብ ይላል፤ ጣቶቹም ይበታተናሉ። ካዮቲ ጉልበቱን ስለሚቆጥብ በቀጥታ መስመር ይሄዳል። ቤት የሚበላ ውሻ ግን ወዲህ ወዲያ ይዞራል፤ ያሸታል፤ ይመለሳል።

ዲቃላው

የጎረቤትየው ቃል ከባዶ የመጣ አይደለም። መጀመሪያ ግን ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። ዲቃላ ማለት ከሁለት ዓይነት ወላጅ የተወለደ ማለት ነው። ለእንስሳና ለተክል ስንጠቀምበት ችግር የለውም። ለሰው ግን ስድብ ነው። ወላጆቹ ከተለያየ ዘር ለሆኑ ሰው «ክልስ» ይባላል። ይህን ልዩነት ያዙት፤ አንድ ቀን ከሐፍረት ያድናችኋል።

ካዮቲ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ በሁለት መንገድ ነው የሄደው። አንዱ ወገን ከታላላቆቹ ሐይቆች በስተሰሜን በካናዳ በኩል አለፈ። በዚያ የቀሩ ጥቂት ተኩላዎች አቻ ሲያጡ ከካዮቲ ጋር ተዳቀሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ የዘረመል ጥናት በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ያሉት ካዮቲዎች በአማካይ 62 በመቶ ካዮቲ፣ 27 በመቶ ተኩላ፣ 11 በመቶ ውሻ መሆናቸውን አሳይቷል። ሰዎች «ካይዎልፍ» የሚሉት ይህንን ነው። ሁለተኛው ወገን ግን ከሐይቆቹ በስተደቡብ፣ በኦሃዮ በኩል ነው የመጣው። በዚህ መንገድ ላይ የሚዳቀለው ተኩላ አልነበረም። ለዚህ ነው የኦሃዮ ካዮቲ ከኒው ዮርክና ከሜይን ዘመዱ ያነሰ የሚሆነው።

ከውሻ ጋርስ? ይሆናል፤ ግን ብዙ ጊዜ አይሳካም። ካዮቲ የሚራባው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በክረምቱ መጨረሻ ነው። አባትየው ቡችሎቹን አብሮ ያሳድጋል። ወንድ ውሻ ግን ካዳቀለ በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ እናቲቱ ብቻዋን ትቀራለች። ስለዚህ ቡችሎቹ የመትረፍ ዕድላቸው ጠባብ ነው።

ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ዲቃላን በዓይን ብቻ አይቶ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ፀጉሩ የጠቆረ ወይም ሰውነቱ የገዘፈ ካዮቲ ንጹሕ ካዮቲ ሊሆን ይችላል። እውነቱን የሚያወጣው የዘረመል ምርመራ ነው።

የመንዝ እረኛ እውቀት

ይህን ሁሉ ለአጎቴ ስነግራቸው ቡናቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «ይኸ ነገር እኛም አገር ነበረ እኮ» አሉ። «ቀበሮና ቀይ ቀበሮ መለየት የማይችል ልጅ በግ አይሰጠውም ነበር።»

«ጋሼ፣ እንዴት ነበር የሚለዩአቸው?» አልኳቸው።

«ቀዩ እግሩ ረጅም ነው፤ ጉሮሮው ነጭ ነው፤ የጅራቱ ጫፍ ጥቁር ነው። በቀን ጓሳው ላይ አይጥ ሲያድን ይውላል። ከጭላዳ መሃል ገብቶ ይቆማል፤ ጭላዳውም አይሸሸውም። ሌላው ቀበሮ ግን አመድማ ነው። እሱ መንደር አጠገብ ያደባል። ግልገል የሚወስደው እሱ ነው።»

አጎቴ ያሉትን በኋላ ከሳይንሱ ጋር አስተያየሁት። እ.ኤ.አ. በ2015 በመንዝ ጓሳ የተሠራ ጥናት ታትሟል። ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መሃል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን 25 ጊዜ ብቻ። እረኞቹ ይህን ሁለቱ ጎን ለጎን ሲውሉ በዓይናቸው ያዩት ነበር፤ ጥናቱ ቁጥር ሰጠው።

የስሙ ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይገርማል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1840 ስለ ቀይ ቀበሮ ሲጽፍ በሰሜን ተራሮች ስም «ካኒስ ሲሜንሲስ» አለው። እንግሊዝኛው ለረጅም ጊዜ አንዴ የሰሜን ቀበሮ፣ አንዴ የሰሜን ጃካል ሲለው ኖረ። በዘር ግን እንስሳው የተኩላ ወገን ነው። ዛሬ በእንግሊዝኛ የኢትዮጵያ ተኩላ ይባላል። እኛ አሁንም ቀይ ቀበሮ እንለዋለን። አመድማው ቀበሮም ጃካል ሲባል ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በዘረመል ሲጠና ለተኩላና ለካዮቲ የሚቀርብ ሌላ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። አሁን የአፍሪካ ወርቃማ ተኩላ ይሉታል። በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ ይህ እንስሳ ራሱ ከጥንት ዲቃላ የመጣ መሆኑን አሳየ፦ 72 በመቶ ከግራጫ ተኩላ፣ 28 በመቶ ከቀይ ቀበሮ ወገን። አመድማው ቀበሮ የቀዩ ዘመድ ነው ማለት ነው።

«ተኩላ» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት ፊት አለው። በመጽሐፍ ቅዱስ የበግ ለምድ የሚለብሰው ተኩላ ግራጫው ተኩላ ነው። በኢትዮጵያ የዱር እንስሳት መጻሕፍት ግን ተኩላ ሲባል ብዙ ጊዜ የአፍሪካ የዱር ውሻ ማለት ነው፤ ያ ዥንጉርጉር ቆዳና ትልልቅ ክብ ጆሮ ያለው እንስሳ። ስለዚህ አያታችሁ ተኩላ ሲሉ የትኛውን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቁ።

ዲቃላውም አገር ቤት አለ። ቀይ ቀበሮ በመላው ዓለም የቀረው ከአምስት መቶ በታች ነው። ከግማሽ በላዩ የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው። በዚያ በወይብ ሸለቆ አንዳንድ ሴት ቀይ ቀበሮዎች ከመንደር ውሾች ጋር ተዳቅለው መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ1994 በዘረመል ተረጋገጠ። ዲቃሎቹ አፋቸው አጠር፣ ሰውነታቸው ወፈር ያለ ነው፤ የፀጉራቸው ቀለምም ይለያል። ከዲቃላውም የሚብስ አደጋ አለ፤ እሱም ውሻ የሚያመጣው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ በ2003፣ በ2008ና በ2014 በባሌ ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ገድሏል። ለዚህ ነው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም የመንደር ውሾችን የሚከትበው። በ2018 ደግሞ ለቀይ ቀበሮዎቹ ራሳቸው ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቆ ማብላት ጀመረ።

ታላቂቱ ልጅ ይህን ስትሰማ «እንግዲያው ችግሩ ተኩላው ሳይሆን ውሻው ነው» አለች። እኛ ስለ ባሌ ነበር የምናወራው።

ካሜራው ያየው

የሞተችውን ግልገል ደግመን አየናት። ካዮቲ ሲገድል አብዛኛውን ጊዜ ጉሮሮ ይይዛል፤ ገድሎም ይበላል ወይም ይዞ ይሄዳል። የእኛዋ ግን ጉሮሮዋ አልተነካም። ጆሮዋና የኋላ እግሯ ተቦጫጭቋል፤ ምንም አልተበላም። እናቲቱም የቆሰለችው ከኋላ ነው። እያሳደዱ ከኋላ መንከስና ጥሎ መሄድ ብዙ ጊዜ የውሻ ምልክት ነው። ውሻ ርቦት ሳይሆን ጨዋታ መስሎት ያሳድዳል።

ምልክት ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም። በሌሊት የሚያይ ካሜራ ገዛሁና አጥሩ ላይ አሰርን። አጎቴ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸ ነው» አሉ፤ ቢሆንም ምሰሶውን እሳቸው ያዙልኝ።

በዘጠኝ ሌሊት ብዙ ነገር አየን። አጋዘን፣ ራኩን፣ አማርኛ ስም የሌለው ኦፖሰም። ካዮቲ ሁለት ጊዜ አለፈ። ብቻውን፣ ጅራቱን ወደ ታች አድርጎ፣ በቀጥታ መስመር። ወደ በጎቹ ዞር ብሎም አላየም። የካሜራው መተግበሪያ እንስሳውን በራሱ ለይቶ ስም ይጽፋል። ካዮቲውን «ውሻ» አለው። በሰባተኛው ሌሊት ሁለት እንስሳት መጡ፤ አንደኛው ትልቅ፣ ግራጫ፣ ጆሮው የቆመ ነበር። መተግበሪያው «ተኩላ» ብሎ ጻፈበት። ልጆቹ ጮኹ። ምስሉን ሳሳድገው ግን አንገቱ ላይ ማሰሪያ ነበረው። ሁለተኛው ጆሮው የወደቀ አዳኝ ውሻ ነበር። ጠዋት ጭቃው ላይ የተውት ዱካ ክብና የተበታተነ ሆኖ አገኘነው፤ አጥሩ ዙሪያ ሦስት ጊዜ ዞረዋል።

እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም እንዴት እንደሚሠራ ስለማውቅ አልተገረምኩም። ማሽኑ የሚማረው ሰዎች ስም ከሰጧቸው ፎቶዎች ነው። ሰው ግራጫና ትልቅ የሆነውን ሁሉ ተኩላ ካለ፣ ማሽኑም ይህንኑ ይደግማል።

ውሾቹ ከመንገዱ ማዶ የአንድ አዛውንት ነበሩ። በኦሃዮ እያንዳንዱ ካውንቲ የውሻ ተቆጣጣሪ አለው፤ አጎቴ በቀጥታ እዚያ መክሰስ ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን «መጀመሪያ ሰውየውን በሽምግልና» አሉ። ታላቂቱን ልጅ ለማስተርጎም ይዘው ሄዱ። አዛውንቱ ፎቶውን አይተው ብዙ ዝም አሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ውሾቹን ሌሊት የሚያስር እንዳልነበረ ተናገሩ። የግልገሏን ዋጋ ከፈሉ፤ ውሾቹንም ማሰር ጀመሩ። ታናሺቱ ልጅ ግን እስከ ዛሬ ሰላም አትላቸውም፤ አጎቴም አያስገድዷትም።

አጎቴ ካዮቲውን አልወደዱትም። «ዛሬ አልበላም ማለት ነገ አይበላም ማለት አይደለም» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ ካዮቲ ግልገል ይወስዳል። ጠመንጃ ግን አልተዋሱም። ግልገሎቹን ሌሊት ያስገባሉ፤ አጥሩን በኤሌክትሪክ ሽቦ አጠናከሩ፤ አንዲት አህያም ገዙ። እዚህ አገር አህያ በግ ትጠብቃለች። የውሻ ዘር ካየች ትጮኻለች፣ ትራገጣለች። «መንዝ ሆና ቢሆን ጅብ ይበላት ነበር፤ አሜሪካ መጥታ ዘበኛ ሆነች» ብለው በየሳምንቱ ይስቁባታል።

ከተማ ውስጥ ካዮቲ ብታዩ

አብዛኞቻችሁ በግ የላችሁም፤ ካዮቲ ግን ታዩ ይሆናል። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ስታንሊ ገርት ከ2000 ጀምሮ የቺካጎን ካዮቲዎች ሲያጠኑ ኖረዋል። እንስሳቱን እየያዙ አንገታቸው ላይ የሬዲዮ ማሰሪያ በማድረግ ይከታተላሉ። እንደ ጥናታቸው የከተማ ካዮቲ በዋናነት አይጥና ጥንቸል ይበላል፤ ከሰው ይሸሻል፤ በሌሊት ይንቀሳቀሳል።

ካያችሁ አትሩጡ። ቁሙ፣ እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ፣ ጩኹ። ትንሽ ውሻ ካላችሁ በገመድ ያዙት። የድመትና የውሻ ምግብ ውጭ አታሳድሩ። በምንም ምክንያት አታብሉት፤ ሰው ያበላው ካዮቲ ሰውን መፍራት ይተዋል፤ መጨረሻውም ሞት ነው። ሌሊት ደግሞ አሥር የሚመስል ጩኸት ብትሰሙ አትደንግጡ፤ ሁለት ካዮቲዎች ድምፃቸውን እየቀያየሩ እንደ ብዙ ሆነው መሰማት ያውቁበታል።

የአማርኛ ስሙን በተመለከተ በቤታችን ክርክሩ አላለቀም። አጎቴ «የሜዳ ቀበሮ» ይላሉ። ታላቂቱ «ካዮቲ ይበቃል፤ ቡና ቡና እንደሆነ ካዮቲም ካዮቲ ነው» ትላለች። እኔ ከእሷ ጋር ነኝ፤ የራሱ ስም ያለው እንስሳ ከተኩላም ከውሻም ጋር አይምታታም። እናንተስ? በዚህ ሳምንት እናታችሁን፣ አባታችሁን ወይም አያታችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በተወለዱበት አገር ግልገል የሚወስደው እንስሳ ማን ይባል ነበር፣ በምንስ ይለዩት ነበር? የሚነግሯችሁን በአማርኛ ጻፉት።